«ማውጫችን አይዘጋብን» የሚሉት ለምንድን ነው? የቱሩፍ የከሰል ጉድጓድና ጎረቤቶቹ

ኦክቶበር 22 ቀን 2021 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ፖላንዳውያን ሠራተኞች ሉክሰምበርግ ከተማ ጎዳና ላይ ወጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ደመወዝ ይጨመርልን ሊሉ አልነበረም የመጡት። ያመሩት ወደ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሲሆን፣ አቤቱታቸውም አንድ ብቻ ነበር፤ የከሰል ማውጫችን አይዘጋብን። በዚያ ዘመን ከሠራተኛ ማኅበሩ አፍ የማይጠፋው መፈክር «እጃችሁን ከቱሩፍ ላይ አንሱ» የሚል ነበር።

ከሩቅ ለሚሰማው ነገሩ ግራ ያጋባል። ከሰል ማውጫ አጠገብ የሚኖር ሰው አቧራውን የሚስበው፣ ሌሊት የማሽኑን ጩኸት የሚሰማው፣ የመንደሩ መሬት የሚቆፈርበት እሱ ራሱ ነው። ታዲያ «ይዘጋልኝ» ማለት ሲገባው ስለምን «ዕድሜው ይራዘምልኝ» ይላል? አንዳንዱ «ኩባንያው አስተባብሯቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «ስለ አየር ንብረት አልገባቸውም» ይላል። ሁለቱም መልስ ሰዎቹን የሚንቅ ይመስለኛል። ምክንያታቸው የሚገባን አገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ነው።

በካርታ ላይ የፖላንድን ደቡብ ምዕራብ ጥግ ብትፈልጉ እንደ ምላስ የወጣች ቁራሽ መሬት ታገኛላችሁ። በምዕራብ ጀርመን፣ በምሥራቅና በደቡብ ቼክ ሪፐብሊክ ያዋስኗታል፤ ከገዛ አገሯ ጋር የምትገናኘው በሰሜን በኩል ብቻ ነው። ቱሩፍ የሚገኘው እዚህ ነው። የዚህች ቁራሽ መሬት ዋና ከተማ ቦጋቲኒያ ትባላለች። ስሟ «ሀብታም» ከሚለው የፖላንድ ቃል የመጣ ነው፤ የቀድሞው የጀርመንኛ ስሟም ያው ሀብትን የሚያነሳ ነበር። እስከ 1945 ድረስ አገሩ የጀርመን ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበሩ ሲቀየር ጀርመኖቹ ተባረሩ፤ በምትካቸውም ከፖላንድ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የመጡ ሰዎች ሰፈሩ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ከምሥራቅ ተፈናቅለው የመጡ ነበሩ። ከሰል መቆፈር ግን ከዚያ በፊት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው የተጀመረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትልቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲተከል ሥራ ፍለጋ የጎረፈው ሰው ከተማዋን አሳደጋት። እንግዲህ ዛሬ እዚያ ለሚኖር ሰው «አያቶችህ እዚህ ምን አመጣቸው?» ቢባል መልሱ በብዙ ቤት አንድ ነው። ጉድጓዱና ማመንጫው ናቸው።

ሌላ ገዢ የሌለው ከሰል

«ከሰል» ሲባል እኛ ቀድሞ ትዝ የሚለን ቡና የሚፈላበት የእንጨት ከሰል ነው። ድንጋይ ከሰል ሌላ ነው፤ በሚሊዮኖች ዓመታት ከምድር በታች የተጨመቀ የዕፅዋት ቅሪት ነው። እሱም ራሱ ዓይነቱ ይለያያል። ጥቁሩና ጠንካራው መርከብ ላይ ተጭኖ ውቅያኖስ ቢሻገር እንኳ ዋጋውን ያወጣል። ከቱሩፍ የሚወጣው ግን ገና ያልበሰለው፣ ቡኒ ከሰል የሚባለው ነው። በእጅ ሲይዙት ከድንጋይ ይልቅ እርጥብ አፈር ይመስላል። ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቅና ይፈረፈራል። ከአንድ ኪሎ የሚገኘው ሙቀት ጥሩው ጥቁር ከሰል ከሚሰጠው ከግማሽ በታች ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በባቡር ጭኖ ሩቅ መውሰድ ለውኃ ኪራይ መክፈል ነው።

ስለዚህ የቡኒ ከሰል ማመንጫ የሚተከለው እጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው። ቱሩፍ ከ200 ሜትር በላይ የጠለቀ ክፍት ጉድጓድ ነው። ዙሪያውን ባልዲ የተሰካበት ግዙፍ ጎማ ያላቸው መቆፈሪያዎች ግድግዳውን እየላጡ ያወርዱታል፣ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም የጎማ ማመላለሻ ቀበቶም ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ማመንጫው ያደርሰዋል። ማውጫው ከሰሉን የሚሸጥለት ሌላ ገዢ የለውም፤ ማመንጫውም ሌላ ሻጭ የለውም። አንዱ ሲቆም ሌላው በማግስቱ ይቆማል። የቱሩፍን ጉዳይ ከሌሎች የከሰል ክርክሮች የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ጥቁር ከሰል የሚያወጣ ከተማ ገበያ ቢጠፋበት ሌላ አገር ይፈልጋል። ቦጋቲኒያ ይህ ዕድል የላትም።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ከማመንጫው የሚወጣው ሙቅ ውኃ በቧንቧ ተስቦ የከተማዋን ቤቶች ያሞቃል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች በሚወርድበት ክረምት በየሳሎኑ ግድግዳ የተገጠመው ብረት የሚግለው በዚያ ውኃ ነው። በ2021 ክርክሩ በነበረበት ጊዜ ፖላንዶች እንዳሉት ማውጫውና ማመንጫው በቀጥታ የቀጠሩት ሰው ወደ አምስት ሺህ ይጠጋ ነበር፤ ወረዳው በጠቅላላ ከ20 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ብቻ እንዳለው ሲታሰብ ቁጥሩ ከባድ ነው። የወረዳው ካዝናም የሚሞላው በአብዛኛው ከዚያው ከሚመጣ ግብርና ክፍያ ነው። እንግዲህ «ማውጫው ይዘጋ» የሚለው ቃል ቦጋቲኒያ ሲደርስ ሥራም፣ የቤት ሙቀትም፣ የትምህርት ቤት በጀትም በአንድ ቀን ይቋረጥ እንደማለት ሆኖ ይሰማል።

የቫውብዢህ ትዝታ

እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት በመጽሐፍ ያነበቡትን ነገር አይደለም። በዚያው ክፍለ ሀገር ቫውብዢህ የምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። ኮሚኒዝም ከወደቀ በኋላ በ1990ዎቹ ማውጫዎቿ አንድ በአንድ ተዘጉ። የሚተካ ሥራ ሳይዘጋጅ በሺዎች የሚቆጠር ቆፋሪ ከሥራ ወጣ። ከዚያ የሆነውን ፖላንድ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሥራ ያጡት ሰዎች በከተማዋ ዳርና በጫካው ውስጥ በአካፋና በዶማ የራሳቸውን ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። አንዱ ጠባቧ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኮ ይቆፍራል፣ ሌላው በገመድ የታሰረች ባልዲ ይስባል፣ ሦስተኛው በጆንያ አድርጎ ለጎረቤት ይሸጣል። ድጋፍ የሌለው አፈር ተንዶባቸው የሞቱ አሉ። ለእነዚህ ጉድጓዶች ሕዝቡ ያወጣላቸው ስም «የድህነት ጉድጓድ» የሚል ትርጉም አለው።

የቱሩፍ ሠራተኛ «ሽግግር» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው ያቺ ባልዲ ናት። የፀሐይ ኃይል ሥራ ይመጣል፣ አዲስ ፋብሪካ ይተከላል ቢባል «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል። የደመወዙ ልክና የሚጀመርበት ቀን የተጻፈበት ውል እስካላየ ድረስ ያለውን አይለቅም። እኔ በዚህ አልፈርድበትም።

ፈቃዱ እንዴት ተራዘመ

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ ጠቡ የተነሳው ከዚህ ነውና።

ማንም ማውጫ መቆፈር የሚችለው ከመንግሥት በተሰጠው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ማብቂያ ቀን አለው። የቱሩፍ ፈቃድ በ1994 ተሰጥቶ ኤፕሪል 30 ቀን 2020 የሚያበቃ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ከመፈቀዱ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲጠና፣ ነዋሪው እንዲጠየቅ፣ ጉዳቱ ድንበር የሚሻገር ከሆነም ጎረቤት አገር እንዲሰማና ሐሳብ እንዲሰጥ ያዛል። የፖላንድ ሕግ ግን በዚያን ጊዜ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ጥናት፣ ፈቃድን እስከ ስድስት ዓመት ማራዘም ይፈቅድ ነበር። መንግሥት ማርች 2020 ላይ በዚህ ቀዳዳ ተጠቅሞ የቱሩፍን ፈቃድ እስከ 2026 አራዘመ።

ቼኮች አቤት አሉ። በኅብረቱ አሠራር አንድ አባል አገር ሌላውን ከመክሰሱ በፊት ጉዳዩን የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ለሆነው ለአውሮፓ ኮሚሽን ማቅረብ አለበት፤ ይህን አደረጉና ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ፖላንድን ፍርድ ቤት አቆሟት። ዋናው ፍርድ ጊዜ ስለሚወስድ ፍርድ ቤቱ ሜይ 21 ላይ ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። እግድ ማለት ጥፋተኛ ናችሁ የሚል ውሳኔ አይደለም፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የማይመለስ ጉዳት እንዳይደርስ ሥራው ይቁም የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙም ቁፋሮው ወዲያውኑ ይቁም የሚል ነበር።

ፖላንድ አላቆመችም። ማመንጫው ቢጠፋ የአገሪቱ የመብራት መረብ ይናጋል፣ ማውጫውም በአንድ ቀን የሚዘጋ ነገር አይደለም አለች። (ይህ የመጨረሻው ነገር እውነትነት አለው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውኃው ካልተቀዳና ግድግዳው ካልተጠበቀ ሊናድ ይችላል።) ሴፕቴምበር 20 ላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ እስኪከበር ድረስ በየቀኑ 500,000 ዩሮ እንድትከፍል ወሰነባት። ሠራተኞቹ ሉክሰምበርግ የወጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 ሁለቱ አገሮች ተስማሙ። ፖላንድ 45 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለች፤ ቼኮች ክሱን አነሱ። በዚያው ዕለት የፍርድ ቤቱ አማካሪ ዐቃቤ ሕግ (ከሳሽ ሳይሆን ለዳኞቹ ገለልተኛ አስተያየት የሚሰጥ ባለሙያ ነው) ፖላንድ ሕግ መጣሷን የሚገልጽ የሕግ አስተያየቱን አወጣ። ክሱ ስለተነሳ ግን የመጨረሻው ፍርድ ሳይሰጥ ቀረ። የተጠራቀመው ቅጣት አልተማረም፤ ወደ 68.5 ሚሊዮን ዩሮ ከኅብረቱ ለፖላንድ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ተቀናሽ ሆነ።

እዚህ ጋ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ሰው አለ። ስምምነቱ ሊፈረም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በቼክ የፖላንድ አምባሳደር የነበሩት ሚሮስላፍ ያሺንስኪ ለአንድ የጀርመን ጣቢያ በሰጡት ቃለ ምልልስ ጠቡ እንዲህ የከረረው በፖላንድ ወገን የጎረቤትን ችግር የመረዳትና የመነጋገር ፍላጎት በመጥፋቱ ነው ሲሉ ተናገሩ። መንግሥታቸው ከሹመታቸው አነሳቸው። ሆኖም ነገሩ በመጨረሻ የተፈታው እሳቸው ባሉት መንገድ፣ ቁጭ ብሎ በመነጋገር ነው።

የውኃው ነገር

ከድንበሩ ማዶ ኡሄልና የምትባል ትንሽ የቼክ መንደር አለች። ስሟ ራሱ በቼክ ቋንቋ «የከሰል» ማለት ነው። የመንደሩ ሰዎች የጉድጓድ ውኃቸው መራቅ ጀመረ።

ለምን እንደሆነ ማስረዳት ቀላል ነው። የከርሰ ምድር ውኃ እንደ ማንኛውም ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። ከ200 ሜትር በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ሲቆፈር በዙሪያው ያለው ውኃ ወደዚያ ይሰርጋል፤ ማሽኖቹ እንዳይሰምጡ ደግሞ ሌት ተቀን በፓምፕ ይቀዳል። የሚቀዳው ውኃ ከየት ነው የመጣው ቢባል ከጎረቤት ጓሮ ሥር ነው። ውኃ ፓስፖርት አይጠየቅም። ፖላንዶች በዚያ ሰሞን የነበረው ድርቅም ድርሻ አለው ብለው ተከራክረዋል፤ ድርቁም እውነት ነበር። በስምምነቱ መሠረት ማውጫው ውኃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይሰርግ ከመሬት በታች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ግድግዳ እንዲያጠናቅቅ፣ ጩኸትና አቧራ የሚያግድ የአፈር ክምር እንዲሠራ፣ የውኃውንም ልክ በጋራ እንዲከታተሉ ተባለ። በሌላው ወገን የጀርመኗ ከተማ ዚታው ደግሞ መሬታችን እየሰጠመ ነው ስትል ቅሬታ ታሰማለች።

«የአካባቢው ማኅበረሰብ ማውጫው እንዲቀጥል ይደግፋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስሰማ የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው፤ አካባቢው የቱ ነው? ቦጋቲኒያ የጉድጓዱ ጎረቤት ናት፣ ኡሄልናም ጎረቤት ናት። አንዷ ደመወዙን ታገኛለች፣ ሌላዋ የምታገኘው የደረቀ የውኃ ጉድጓድ ነው። በፖላንድ በኩልም ቢሆን ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚናገር አይደለም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ያለችው ኦፖልኖ ዝድሩይ በድሮ ዘመን ሰዎች በማዕድን ውኃዋ ሊፈወሱ የሚመጡባት መንደር ነበረች፤ ማውጫው እየሰፋ በሄደ መጠን ቤቶቿ ይፈርሳሉ። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት የድጋፍ ፊርማ እንዲፈርም የሚጠየቀው ሰው ልቡ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

2044 የሚለው ቀን

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳዝነኝ ክፍል ደረስን። ክሱ እየተካሄደ ሳለ፣ ኤፕሪል 2021 ላይ የፖላንድ መንግሥት የቱሩፍን ፈቃድ እስከ 2044 አራዘመው። ቦጋቲኒያ ውስጥ ብዙዎች እፎይ አሉ። ግን ያ ቀን ዋጋ ነበረው።

የአውሮፓ ኅብረት ከከሰል ለሚወጡ አካባቢዎች የፍትሐዊ ሽግግር ፈንድ የሚባል ገንዘብ አቋቁሟል። ከአባል አገሮች ሁሉ ትልቁን ድርሻ፣ ወደ 3.85 ቢሊዮን ዩሮ ያገኘችው ፖላንድ ናት። ገንዘቡ ሥራ ለሚቀይሩ ሠራተኞች ስልጠና፣ ለአዳዲስ ድርጅቶች ማቋቋሚያ፣ የተቆፈረ መሬት ለማዳን ይውላል። ለማግኘት ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ አካባቢው እስከ 2030 ድረስ በእርግጥ ከከሰል መውጣት እንደሚጀምር የሚያሳይ ዕቅድ። ቱሩፍ ያለበት የዝጎዤሌትስ አካባቢ ፈቃዱ እስከ 2044 ስለሆነ ይህን ማሳየት አልቻለም። ኮሚሽኑም አይሰጥም አለ።

ሌሎቹ ያገኙትን ተመልከቱ። ከሰልን ቶሎ ለማቆም የወሰነው የኮኒን አካባቢ ወደ 415 ሚሊዮን ዩሮ ተመደበለት። ማውጫዎቿ ከተዘጉ ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፋት ቫውብዢህ እንኳ ከ580 ሚሊዮን በላይ ደረሳት። ቦጋቲኒያ ከዚህ ፈንድ ምንም አላገኘችም። ሰዎቹ እንጀራችንን ይጠብቅልናል ያሉት ቀን ነገ ከእንጀራው ጋር ሊመጣ የነበረውን ገንዘብ ዘጋባቸው። ጥፋቱን በቆፋሪዎቹ ላይ አልጭነውም። ሠራተኛው «ሥራዬን አትንኩ» ማለቱ ተገቢ ነው፤ «2044 ብለን ከጻፍን ይህን ገንዘብ ታጣላችሁ፣ ምን ትመርጣላችሁ?» ብሎ ፊት ለፊት ማስረዳት የነበረባቸው ፈቃዱን የፈረሙትና ድጋፉን ያስተባበሩት ባለሥልጣናት ናቸው።

በዚያ ላይ 2044 በወረቀት የተጻፈ ቀን ነው። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለ ትልቅ ማመንጫ ለሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቶን ፈቃድ መግዛት አለበት። ቡኒ ከሰል ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት መብራት አንድ ቶን ገደማ ጋዝ ይለቃል። የአንድ ቶን ዋጋ በ2020 መጀመሪያ ወደ 25 ዩሮ ነበር፤ በ2022 መጀመሪያ ከ80 በላይ ወጣ፣ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ 100ን ነካ። ማለትም ማመንጫው ከሰሉን ከጓሮው በነፃ ቢያፍስ እንኳ በየሰዓቱ ለጭሱ በሚከፍለው ብቻ ከነፋስና ከፀሐይ ከሚመጣ መብራት ጋር ሊወዳደር የማይችልበት ቀን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ማውጫውን የሚዘጋው ፍርድ ቤትም ሚኒስትርም አይሆንም፤ የሒሳብ መዝገቡ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለው መዘጋት ደግሞ ማስጠንቀቂያው አጭር ነው። በአውስትራሊያ የሄዝልዉድ የቡኒ ከሰል ማመንጫ ይዘጋል የተባለው ኖቬምበር 2016 ነበር፤ ማርች 2017 ተዘጋ። ሠራተኛው የተሰጠው አምስት ወር አይሞላም።

ስለዚህ የቱሩፍን ዓይነት ድጋፍ ስትሰሙ ማን እንደፈረመ ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት እንደጠየቀም እዩ። ሃምሳ ዓመት የሞላው የመቆፈሪያ ሹፌር «ይራዘም» ሲል ጡረታዬ እስኪደርስ ማለቱ ነው፤ ጥያቄው ከአሥር ዓመት አይዘልም፣ ሊመለስለትም ይችላል። ፈቃዱ በተራዘመበት በ2021 በሃያ ዓመቱ የተቀጠረው ልጅ ግን በ2044 ገና 43 ዓመቱ ነው። ልጆቹ ያኔ ተማሪ ቤት ናቸው፣ የቤት ብድሩ አላለቀም፣ የሚያውቀውም ሙያ ቡኒ ከሰል ማውጣት ብቻ ነው። ለእሱ የትኛውም ወገን፣ የማራዘሙም የመዝጋቱም፣ እስካሁን በቀን የተቆረጠ መልስ አልሰጠውም።